ሁለቱ ሰንበታት፦ የዕረፍት ቀን በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቅዳሜና እሑድ፣ በአበው አጠራር ቀዳሚት ሰንበትና ሰንበተ ክርስቲያን፣ ሁለቱም የተቀደሱ የዕረፍት ቀናት ናቸው። በአብዛኛው የክርስትና ዓለም ይህ ክብር ለእሑድ ብቻ ሲቀር ኢትዮጵያ ሁለቱንም ይዛ ቆይታለች። ሁለቱን ይዞ መቆየት ግን ብዙ ዋጋ አስከፍሏል። ስለ ቅዳሜ ዕረፍት መነኮሳት ተወግዘዋል፣ ታስረዋል፣ አገር ለቀው በባዕድ ምድር አርፈዋል፤ ሕዝብም በገዛ ንጉሡ ላይ ተነሥቷል። ነፍስ በእግዚአብሔር ዘንድ የምታገኘው ዕረፍት ከገበሬው ጓሮና ከእመቤቲቱ ጓዳ የደረሰው በእነዚህ ሁለት ቀናት አማካይነት ስለሆነ፣ በኢትዮጵያ ስለ መንፈሳዊ ዕረፍት የሚጻፍ ታሪክ ከሰንበት መጀመሩ ተገቢ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ ቀናት የየራሳቸው ምሥጢር አላቸው። ቅዳሜ እግዚአብሔር በስድስት ቀን ፍጥረቱን ፈጽሞ ያረፈባት ዕለት ናት፤ ክርስቶስም ዓርብ ተሰቅሎ በሥጋው በመቃብር ያደረባትና የዋለባት ይህችው ቅዳሜ ናት። እሑድ ደግሞ የፍጥረት መጀመሪያ፣ የትንሣኤ ዕለትና የሚመጣው ዓለም ምሳሌ ናት። ወደ ዕብራውያን የተላከው መልእክት በአራተኛው ምዕራፉ ለእግዚአብሔር ሕዝብ ገና የቀረላቸው ዕረፍት እንዳለ ያስተምራል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ጌታ ሸክም የከበደባቸውን ሁሉ ወደ ራሱ ይጠራል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ሊቃውንት ትምህርት ሰባተኛዋ ቀን ወደ ኋላ፣ ወደ ፍጥረት ታመለክታለች፤ ስምንተኛዋ ቀን ወደ ፊት፣ ወደማይመሸው ቀን ታመለክታለች። አማኙም በየሳምንቱ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል።

ጉዳዩ መጀመሪያ የተነሣው በኢትዮጵያ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት የነበሩ ክርስቲያኖች ስለ ቅዳሜ አንድ ዓይነት ሥርዓት አልነበራቸውም። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ በ321 ዳኞች፣ የከተማ ነዋሪዎችና የእጅ ባለሙያዎች በእሑድ ቀን ሥራ እንዲያቆሙ አወጀ፤ ገበሬዎች ግን የእርሻ ወቅት እንዳያልፍባቸው እንዲሠሩ ፈቀደላቸው። በዚያው በአራተኛው መቶ ዓመት በሎዶቅያ የተሰበሰቡ አባቶች ክርስቲያን እንደ አይሁድ በቅዳሜ ሥራ ፈትቶ እንዳይውል ከለከሉ። በሶርያ በ380 አካባቢ የተጠናቀረው የሐዋርያት ሥርዓት የተባለው መጽሐፍ ግን ባሪያዎች አምስት ቀን ሠርተው በቅዳሜና በእሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደው እንዲማሩ ያዝዛል። የአምስተኛው መቶ ዓመት የታሪክ ጸሐፊ ሶቅራጥስ በዘመኑ የነበሩ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ለማለት ይቻላል ቅዳሜ ቅዳሜ ምሥጢረ ቁርባንን እንደሚፈጽሙ፣ ይህን ልማድ የተዉት እስክንድርያና ሮም እንደሆኑ መዝግቧል።

የእስክንድርያ ነገር በኢትዮጵያ ላይ የነበረው ክብደት ትልቅ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት በዐፄ ኢዛና ዘመን ፍሬምናጦስ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ ከመጣ ጀምሮ፣ ለአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ የኢትዮጵያ ጳጳሳት ከግብፅ ይላኩ ነበር። ቀሳውስቱንና ዲያቆናቱን የሚሾመው የቅዳሜን ዕረፍት ከተወች ቤተ ክርስቲያን የመጣ ጳጳስ ነበር ማለት ነው። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ እንደሚለው ዳግማዊ ቄርሎስ (1078–1092) ወደ ኢትዮጵያ ደብዳቤ ልኮ የብሉይ ኪዳን ልማዶችን እንዲተዉ አሳስቧል። ከዚህ የምንረዳው ልማዱ በዚያን ጊዜም ግብፆችን እስኪያሳስብ ድረስ የጸና እንደነበር ነው። ምንጩ ምን እንደሆነ ሊቃውንት አልተስማሙበትም። ኤድዋርድ ኡለንዶርፍ ከክርስትና በፊት በአክሱም ከነበረ የአይሁድ ተጽዕኖ የመጣ ነው ሲል፣ ማክሲም ሮዲንሰን ኢትዮጵያውያን ብሉይን እያነበቡ ራሳቸውን እንደ እስራኤል ከማየታቸው የመነጨ ነው ብሎ ተከራክሯል።

ነገሩ ወደ ግልጽ ክርክር የወጣው በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት ነው፤ ያወጣውም አንድ መነኩሴ ነው። አባ ኤዎስጣቴዎስ በ1273 ገደማ በትግራይ ተወልዶ፣ በገርዓልታ የአንድ ገዳም አበምኔት በነበረው በአጎቱ በአባ ዳንኤል እጅ አደገ፤ ኋላም ወደ ሰራዬ ሄዶ የራሱን ማኅበር መሠረተ። ትምህርቱ ጥብቅ ነበር። መነኩሴ ከቤተ መንግሥትና ከመኳንንት እጅ ስጦታ መቀበል የለበትም፤ ሁለቱ ሰንበታት ያለ ልዩነት ይከበሩ፤ ሰውን የሚሸጥ ክርስቲያን የለም ይል ነበር። በሰንበት ዕረፍትና በባሪያ ንግድ ላይ ባነሣው ተቃውሞ መካከል ያለው ዝምድና ከብሉይ ኪዳን የመነጨ ይመስላል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 ሰንበት የታዘዘችበት ምክንያት ወንድና ሴት አገልጋይ እንደ ጌታቸው ያርፉ ዘንድ ነው፤ በሬውና አህያውም አልቀሩም። የሌላውን ሰው ዕረፍት የሚነጥቅ ሰንበትን አከበረ ሊባል አይችልም። ኤዎስጣቴዎስ ትእዛዙን እስከዚያ ድረስ ማንበቡ ከዘመኑ ሰባክያን ሁሉ ልዩ ያደርገዋል።

ትምህርቱን የተቃወሙት ጳጳሱ ብቻ አልነበሩም፤ በአቅራቢያው የነበሩ ካህናትም ነበሩ። በ1337 አካባቢ ኤዎስጣቴዎስ ጥቂት ደቀ መዛሙርት አስከትሎ ከአገር ወጣ። ግብፅ ደርሶ ነገሩን ለፓትርያርክ ዳግማዊ ብንያሚን አቀረበ፤ ነገር ግን የጠበቀውን መልስ አላገኘም። ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ቆጵሮስ፣ በመጨረሻም ወደ አርመን ተጓዘ። ገድሉ ባሕሩን በአጽፉ ላይ ሆኖ እንደተሻገረ ይተርካል። ከአርመን አልተመለሰም፤ በስደት 14 ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ በ1352 በዚያው ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ መስከረም 18 ቀን ታስበዋለች።

ተከታዮቹ፣ ደቂቀ ኤዎስጣቴዎስ፣ ከመምህራቸው መሰደድ በኋላ ይበልጥ ተጠናከሩ። አባ አብሳዲ በቆሓይን ደብረ ማርያምን መሠረተ፤ ደቀ መዝሙሩ አባ ፊልጶስ በ1390 ገደማ ከነፋሲት በላይ፣ ከደጋው ወደ ቀይ ባሕር ቆላ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ ደብረ ቢዘንን አቀና። ሁለቱም ዛሬ በኤርትራ ይገኛሉ። ከጳጳሱ ጋር ስለተለያዩ ክህነት የሚቀበሉበት በር ተዘጋባቸው፤ እነርሱም ሰንበትን ከሚያፈርስ እጅ ሹመት አንቀበልም አሉ። ካህን የሌለው ገዳም ቁርባን የለውም። የዕረፍትን ቀን ለማክበር ሲሉ የዕረፍቱን ምሥጢር ራሱን፣ ሥጋ ወደሙን፣ ማጣት መጣባቸው። ከሌላው ማኅበር ተለይተው፣ ቤተ መንግሥት በማይደርስበት በረሃና ዳር አገር ገዳም እየገደሙ፣ እርሻ እያረሱና እያስተማሩ ይህን ክፍተት ይዘው ከመቶ ዓመት በላይ ኖሩ። በዚያ ዘመን የደረሰባቸውን ውግዘት ሁሉ በትዕግሥት መሸከማቸው ሥርዓታቸው እልክ ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል።

በ1400 ዐፄ ዳዊት የማኅበሩን መሪዎች ወደ ቤተ መንግሥት አስጠሩ። ጉባኤውን የመሩት ግብፃዊው አቡነ በርተሎሜዎስና የሐይቅ እስጢፋኖሱ ዓቃቤ ሰዓት ሠረቀ ብርሃን ነበሩ። አባ ፊልጶስና ወንድሞቹ ቅዳሜን ተዉ ተብለው ቢታዘዙ እምቢ አሉ፤ ታሰሩም። ፊልጶስ በሐይቅ ገዳም ግዞት ተቀመጠ። ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ ንጉሡ ሐሳባቸውን ለወጡ፤ እስረኞቹ ተፈትተው ወደ ገዳማቸው እንዲመለሱ፣ በገዳማቸውም ቅዳሜን እንደ ልማዳቸው እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። የቤተ መንግሥቱና የጳጳሱ አቋም ግን እንደ እስክንድርያው ቀጠለ። በአንድ አገር፣ በአንድ ሃይማኖት ውስጥ ቅዳሜ ለአንዱ በዓል ለሌላው የሥራ ቀን ሆኖ ቆየ።

በዚህ ጊዜ የሰንበት ክርክር ከደቂቀ ኤዎስጣቴዎስ ገዳማት ውጭም ደጋፊ አገኘ። በዘመኑ ከነበሩት ሊቃውንት ሁሉ ስሙ የገነነው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የኤዎስጣቴዎስ ማኅበር ልጅ አልነበረም፤ የተማረው በሐይቅ ነው። ነገር ግን በ1424 በፈጸመው በመጽሐፈ ምሥጢር የሁለቱን ሰንበታት ክብር ደግፎ ጻፈ። ደጋፊዎቹ የሚጠቅሷቸው መጻሕፍት ሲኖዶስና ዲድስቅልያ ነበሩ፤ ሁለቱም ከሐዋርያት የተላለፉ ሥርዓቶች ተብለው የሚታወቁና ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሱ ናቸው። ከሶርያው መጽሐፍ የወረደው የአምስት ቀን ሥራና የሁለት ቀን ዕረፍት ትእዛዝ በዚህ መንገድ ኢትዮጵያ ደርሶ የክርክሩ መሠረት ሆነ። ግብፃውያን ጳጳሳት የሚጠብቁት ሕግ በራሳቸው ቋንቋ በነበረው መጽሐፍ ተቃወማቸው ማለት ይቻላል። በማቴዎስ ወንጌል ከኦሪት አንዲት የውጣ እንኳ አታልፍም የሚለውንም ቃል፣ የውጣ በቁጥር አሥር ስለሆነች ለአሥርቱ ቃላት ምሳሌ ናት ብለው ይተረጕሙት ነበር። አሥርቱ ቃላት ካላለፉ ደግሞ ከእነርሱ አንዱ የሆነው የሰንበት ትእዛዝ አላለፈም።

ጉዳዩን የቋጨው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ነው። ንጉሡ ራሱ መጽሐፍ ጸሐፊና የነገረ መለኮት ተከራካሪ ነበር፤ በስሙ በሚታወቀው በመጽሐፈ ብርሃን ሰንበት ሰፊ ቦታ አላት። ከፖለቲካ አንጻርም ምክንያት አላጣም። የደቂቀ ኤዎስጣቴዎስ ገዳማት በሰሜኑ ደጋና ወደ ባሕር በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉ በመሆናቸው፣ እነሱን ከቤተ ክርስቲያን አንድነት ውጭ ትቶ ያን አገር አጥብቆ መያዝ አዳጋች ነበር። ቢሆንም የዘርዐ ያዕቆብን አቋም የፖለቲካ ስሌት ብቻ አድርጎ ማየት ሰውየውን አለማወቅ ነው። ለዚህም ምስክር፣ የሁለቱ ሰንበታት ደጋፊዎች የሚጠቅሱትን የሲኖዶስ መጽሐፍ በ1442 አካባቢ በኢየሩሳሌም ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ከደብዳቤ ጋር ልኮላቸዋል።

ጉዳዩ የተቋጨበት ጉባኤ የተካሄደው በ1450 በሸዋ ተጉለት ውስጥ በደብረ ምጥማቅ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱን ንጉሡ የሠራት በግብፅ የሚገኘው የምጥማቅ ገዳም መፍረሱን ሰምቶ ካለቀሰ በኋላ ነው፤ ስሟንም ከዚያው ወሰደ። በ1438 ከእስክንድርያ የመጡት ሁለቱ ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል በአንድ ወገን፣ የደቂቀ ኤዎስጣቴዎስ መሪዎች በሌላ ወገን ተቀመጡ። የተደረሰበት ስምምነት ለሁለቱም ወገን ሰጥቶ መቀበል ነበር፦ ጳጳሳቱ ቅዳሜ እንደ እሑድ ትከበር ብለው ፈረሙ፤ ደቂቀ ኤዎስጣቴዎስ ደግሞ ከጳጳሳቱ እጅ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ። ከመቶ ዓመት በላይ ተዘግቶ የነበረው በር ተከፈተ፤ ገዳማቱ ካህናት አገኙ፤ ቅዳሜም የመላው ቤተ ክርስቲያን ሆነች። ኤዎስጣቴዎስ በአርመን ካረፈ 98 ዓመት ሆኖት ነበር።

ስምምነቱ በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር ንጉሡ ሌላም ሥርዓት ሠራ። ካህናት በሁለቱ ሰንበታትና በበዓላት ሕዝቡን ሰብስበው ሃይማኖቱን እንዲያስተምሩ አዘዘ። ሥራ የፈታ እጅ ብቻውን ለነፍስ ዕረፍት እንደማያደርስ ያውቅ ነበር፤ ሰንበት የምትሞላው በቃለ እግዚአብሔር ነው።

ከዚያ በኋላ ሰንበት በግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ መልክና ድምፅ ያላት ሆና ትታያለች። ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ የሆነው፣ በእሑድ የሚቀደሰው ቅዳሴ አትናቴዎስ ሰንበተ ክርስቲያንን እንደ ሕያው አካል አድርጎ ያወድሳታል። ድርሳነ ሰንበት ምስጋናዋንና ተአምሯን ይዘረዝራል። በሲኦል ያሉ ነፍሳት ሳይቀሩ በሰንበት ከሥቃይ ያርፋሉ የሚለው ጥንታዊ እምነትም ከራእየ ማርያም ጋር በሕዝቡ ዘንድ ተስፋፍቷል። በሕይወት ላለው ሰው የተሰጠው የሳምንት ዕረፍት ለሞቱትም እንዲደርስ መመኘት የአማኙን ርኅራኄ ያሳያል። ቤተ እስራኤልም ትእዛዘ ሰንበት የተባለ የግዕዝ መጽሐፍ አላቸው፤ በእሱም ሰንበት በፈጣሪ ፊት ቆማ ለሰዎች የምትለምን ናት። ቤተ እስራኤል ግን ቅዳሜን ብቻ ያከብራሉ፤ በአክባበራቸውም ከክርስቲያኑ ጎረቤታቸው እጅግ ይጠብቁ ነበር።

በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሰንበት ዕረፍት ሥራ ከመፍታት ያልፋል። በቅዳሜና በእሑድ የንስሐ ስግደት አይሰገድም። በጾም ወራትም ቢሆን፣ በዐቢይ ጾም ሳይቀር፣ በሁለቱ ሰንበታት ምእመናን ከቅዳሴ በኋላ ይመገባሉ፤ ሥጋና ቅቤ ባይበላም እንደ ሌላው ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጠበቅም። ከዚህ ሕግ የምትወጣ አንዲት ቅዳሜ ብቻ አለች፤ እሷም የትንሣኤ ዋዜማ፣ ቀዳም ሥዑር ናት። ጌታ በመቃብር ያረፈባትን ቀን ለማሰብ በዚያች ቅዳሜ ይጾማል፤ ካህናቱም ቄጤማ ይዘው በየቤቱ እየዞሩ የትንሣኤውን የምሥራች ያደርሳሉ፣ ሰዉም ቄጤማውን በራሱ ላይ ያስራል። የዐቢይ ጾም ሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ቅድስት ይባላል፤ በጾመ ድጓው የሚዜመውም የሰንበት ቅድስና ነው።

የውጭ ሰዎች ይህን ልማድ ሲያዩ መገረማቸው አልቀረም። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሁለቱ ቀናት እንደሚከበሩ ጽፏል። የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ በሊዝበን ስለ ሃይማኖቱ ሲጠየቅ የሰንበትን ሥርዓት ከሐዋርያት የተቀበልነው ነው ብሎ መልስ ሰጥቷል፤ ቃሉም በ1540 በዳሚያው ደ ጎይሽ መጽሐፍ ታትሟል። ካቶሊኮቹ ኢትዮጵያውያንን ይሁዲነት ይዘዋል ብለው በከሰሱ ጊዜ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 በጻፈው የሃይማኖት መግለጫ ነገሩን ለይቶ አስረዳ። ክርስቲያኖቹ ቅዳሜን የሚያከብሩት ውሃ እንዳይቀዳ፣ እሳት እንዳይነድ፣ ከቤት ወደ ቤት እንዳይሄድ እያሉ አይደለም፤ ቅዳሴ በመቀደስና በዲድስቅልያ እንደታዘዘው የፍቅር ማዕድ በማቅረብ ነው አለ። ከዚህ ይበልጥ ግልጽ የሆነ የኢትዮጵያ ሰንበት ፍቺ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዕረፍቱ በክልከላ የተሠራ አጥር ሆኖ አልቀረም፤ ቁርባንና ማዕድ አለው።

ይህን ያልተቀበሉት የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በቤተ መንግሥት ጆሮ ባገኙ ጊዜ ቅዳሜ ዳግመኛ የክርክር ቀን ሆነች። ዐፄ ዘድንግል የቅዳሜን በዓል በአዋጅ ከለከለ፤ በ1604 በራሱ ወገኖች በተነሣበት ጦርነት ተገደለ። ዐፄ ሱስንዮስም ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ሲያዘነብል በ1620 ገደማ ሰው በቅዳሜ እንዲሠራ አዋጅ አስነገረ። ገና ስለ ክርስቶስ ሁለት ባሕርይ የሚደረገውን ክርክር ያልሰማ ገበሬ እንኳ ይህን አዋጅ ወዲያው ተረዳው፤ የነካው ሞፈሩንና ቀንበሩን ነው። የበጌምድር ገዥ ዮናኤል ሸፈተ፤ ብዙ ሰውም ተከተለው። ዐመፁ ቢሸነፍም ሌሎች ተከታተሉ፤ ከሁሉ የከፋው የላስታው የመልክአ ክርስቶስ ነበር። በ1632 ከዚያ ጦር ጋር በወይና ደጋ በተደረገው ውጊያ የወደቀውን ሕዝብ ካየ በኋላ ሱስንዮስ የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አወጣ፤ ዙፋኑንም ልጁ ፋሲለደስ ያዘ። በዚያ አዋጅ ቅዳሜም ለሕዝቡ ተመለሰች።

ለደጋው ገበሬ ሰንበት የምትጀምረው ዓርብ ሲመሽ ነው። ቀንበሩ ከበሬዎቹ ጫንቃ ይወርዳል፤ ዱቄቱ አስቀድሞ ይፈጫል፣ እንጨቱ ተለቅሞ ይከመራል። በማግስቱ ማረስ፣ መዝራት፣ ማረም፣ ማጨድ የለም፤ ወፍጮና ሙቀጫ ዝም ይላሉ፤ እንዝርት ይሰቀላል። ከብት ይጠበቃል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ወጥ ይሠራል፤ የታመመ ይጠየቃል፣ የሞተ ይቀበራል፤ ሰንበት ይህን አትከለክልም። ቆስጠንጢኖስ በአዋጁ ለገበሬው የሥራ ፈቃድ ትቶለት ነበር፤ በኢትዮጵያ ግን ሰንበትን ከሁሉ አጥብቆ የጠበቃት ገበሬው ነው። በብዙ ቦታ ቅዳሜ የገበያ ቀን መሆኗ እውነት ነው። እህሉን ጭኖ ገበያ የሚወጣ ሰው በዚያው ቀን ሞፈር መጨበጥን እንደ ነውር ያየዋል፤ ሕዝቡ በሥራና በገበያ መካከል ያበጀው ይህ ድንበር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ የወጣ ነው። ዝናብ በቀረበበት፣ አጨዳ በደረሰበት ሳምንት ሁለት ቀን መፍታት የዋዛ ነገር አይደለም። ገበሬው ግን ሰብሉን ለአምላኩ ትቶ ያርፋል፤ ይህ መታመን ራሱ የዕረፍቱ አንድ ክፍል ነው።

ገላውዴዎስ የጠቀሰው የፍቅር ማዕድ ዛሬም ሰንበቴ በሚባለው ማኅበር ይታያል። ሰንበቴ በአንድ ደብር ሥር የሚቋቋም የምእመናን ማኅበር ነው፤ ብዙ ጊዜ በቅጽሩ ውስጥ የሰንበቴ ቤት የሚባል አዳራሽ ይኖረዋል። አባላቱ ተራ ይገባሉ። ተራ የደረሰው ሰው እሑድ ጠዋት በኮባ ተጠቅልሎ የተጋገረውን ድፎ ዳቦና የጠመቀውን ጠላ ይዞ ይመጣል፤ ንፍሮ ወይም ቆሎ ይጨምርበታል። ቅዳሴው ሲያበቃ ሰዉ ገብቶ ይቀመጣል፤ ካህኑ ጸሎት አድርሶ ዳቦውን ይባርካል፤ ተቆርሶ በእጅ ይታደላል፣ ጠላውም በየዋንጫው ይቀዳል። ማኅበሩን የሚመራው ሙሴ ይባላል፤ ቀጣዩን ባለ ተራ የሚያስታውሰው፣ የቀረውን የሚጠይቀው፣ የተጣሉትን የሚያስታርቀው እሱ ነው። በደጀ ሰላም የቆመ ድኻና መንገደኛም ከማዕዱ ድርሻ አለው። በሳምንቱ ውስጥ በድንበርና በመስኖ ውሃ የተኳረፉ ሰዎች ከአንድ ዳቦ ለመቍረስ ሲገደዱ ብዙ ጠብ በዚያ ቤት ያልቃል። አባል ሲሞት ማኅበሩ ይቀብራል፣ ቤተሰቡን ያጽናናል።

በከተማ ነገሩ ተለውጧል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 መሠረት (2011 ዓ.ም. መሆኑ ነው) ሠራተኛ በሳምንት ከ24 ሰዓት የማያንስ ተከታታይ ዕረፍት አለው፤ በተቻለ መጠንም እሑድ ላይ እንዲውል ይደረጋል። የሳምንቱ የሥራ ሰዓት ጣሪያ 48 በመሆኑ ብዙ ፋብሪካና የግንባታ ሥራ ቅዳሜን ይጨምራል። ስለዚህ የከተማው ምእመን ቀዳሚት ሰንበትን የሚያስበው በአብዛኛው በጸሎትና ከንስሐ ስግደት በመከልከል ነው፤ ሙሉ ዕረፍቱ እሑድ ላይ ወድቋል። ሁለቱን እንደ ጥንቱ የሚጠብቁት ገዳማትና የገጠር አጥቢያዎች ናቸው።

በስደት ያለው ምእመን ደግሞ ቀኑን ከሚኖርበት አገር ሥርዓት ጋር ማስማማት ግድ ሆኖበታል። በአሜሪካና በአውሮፓ እሑድ የአገሩም የዕረፍት ቀን በመሆኑ ቅዳሴው በቦታው ይውላል፤ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሽ የሚቀርበው ምግብም የሰንበቴን ሥራ ይሠራል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ግን የዕረፍቱ ቀን ዓርብ ስለነበር፣ የብዙ አብያተ እምነት ክርስቲያኖች ዋናውን የሳምንት አገልግሎት በዓርብ ሲፈጽሙ ኖረዋል፤ ኢትዮጵያውያንም እንዲሁ። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ከጥር 2022 ጀምሮ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የዕረፍት ቀናት ወደ ቅዳሜና እሑድ አዛውራለች። በሰው ቤት ተቀጥረው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያት ግን የሳምንት ዕረፍታቸው በሕግ ቢፈቀድም የትኛው ቀን እንደሚሆን፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ መሰጠት አለመሰጠቱ፣ በአሠሪያቸው ፈቃድ ላይ ቆሟል።